የበረዶ ፎቶ እና የደን ጭቃ

ወጪው ተሸፍኖ፣ ቪዛው ተመትቶ፣ የዓመት ፈቃዱም ተፈርሞ (ምኞት መቼም አይከለከልም) «ከአርክቲክ በረዶና ከምድር ወገብ ዝናባማ ደን አንዱን ምረጡ» ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ? በእኛ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ መልሱን ሳያስብ ነው የሚሰጠው። በረዶ! ደን የሚል ከተገኘ ወይ ባዮሎጂ የተማረ ነው፣ ወይ ከሰው ለመለየት ብሎ ነው ተብሎ ይታማል።

እኛ ደኑን እንመርጣለን። ባዮሎጂ አልተማርንም። የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ እሱም ቢሆን ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት እንድናውቅና አንድ ነገር ደጋግመን እንድንጠይቅ ነው ያደረገን፤ «ገንዘቡ የት ይገባል?» የሚለውን። ወደዚያ እንመጣለን። በመጀመሪያ ግን በረዶ ለምን እንዲህ እንደሚያጓጓን እንነጋገር። ጉዳዩ የመልክዓ ምድር ብቻ አይመስለንምና።

እስቲ የየቤታችሁን አልበም ገልጡ። ወይ ሚኒሶታ፣ ወይ ስቶክሆልም፣ ወይ ቶሮንቶ የተነሳ አንድ ፎቶ አይጠፋም። አክስት ረጅም ካፖርት ለብሳ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ በበረዶ ከተሸፈነ መኪና አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ያ ፎቶ ሳሎን ቡፌ ላይ ዓመታት ተቀምጧል። ለእንግዳ ሁሉ ታይቷል። አክስት ያንን በረዶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ በአካፋ ዝቃ ለፈረቃዋ እንደምትሮጥ ፎቶው አይናገርም። ፎቶው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ደርሻለሁ። እኛም ልጆች ሆነን በረዶን ያወቅነው እንደ አየር ጠባይ አይደለም፤ እንደ ማዕረግ ነው። «ስኖው ነካሁ» ማለት «ወጣሁ» ማለት ነው።

ደንስ? ደን በእኛ ቋንቋ ስሙ ጫካ ነው። ጫካ የሚገባው ደግሞ ወይ ሸፍቶ ነው ወይ እንጨት ሊለቅም። ሰው ሊሰድብህ ሲፈልግ «ከጫካ ነው እንዴ የመጣኸው?» ይልሃል፤ «ከበረዶ ነው እንዴ የመጣኸው?» የሚል ስድብ ግን እስካሁን አልሰማንም። በዚህ ላይ የደገኛ ፍርሃታችን አለ። ቆላ ወረደ ከተባለ እናቶቻችን ወባ ነው የሚታያቸው። ሙቀት፣ ጭቃ፣ ትንኝ፣ ቢጫ ካርድ፤ ይሄ ለእነሱ ሽርሽር ሳይሆን መከራ ነው። ስለዚህ ምርጫችን ገና ካርታ ሳንገልጥ ተጠናቋል። ብርዱ የሀብታም፣ ደኑ የድሃ ሆኗል።

አሁን ካርታውን እንግለጥ። አርክቲክ ስንል ሰፊ ነው፤ ከግሪንላንድ እስከ ሳይቤሪያ ይደርሳል። ቱሪስት በቀላሉ የሚገባበት፣ በስሙም ብዙ ብሮሹር የታተመለት ግን ስቫልባርድ ነው። በኖርዌይ ሥር ያለ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን ዋና መንደሩ ሎንግየርብየን ይባላል። ከሰሜን ዋልታ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ነዋሪው ወደ 2,500 ሰው ነው። መንደሯ የተቆረቆረችው በድንጋይ ከሰል ነው፤ የመጨረሻው የኖርዌይ ማዕድን፣ ቁጥር 7 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። አሁን እንጀራዋ ቱሪዝምና ምርምር ነው።

ስለዚች መንደር የሚወራው ብዙ ነው። «እዚያ መሞት በሕግ ክልክል ነው» የሚለውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። መሬቱ ዓመት ሙሉ የረጋ ውርጭ ስለሆነ ሬሳ በሣጥን አይቀበርም፣ የአረጋውያን መጦሪያም የለም፤ ወሬው ከዚህ ተነስቶ ነው ያበጠው። ድመት ማስገባት ግን በእርግጥ ክልክል ነው፤ ለወፎቹ ሲባል።

ለሀበሻ ፓስፖርት ደግሞ አንድ ጣፋጭ የምትመስል ነገር አለች። እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ የተፈረመ ውል አለ። ከዚያ ውል በመነጨ አሠራር የየትኛውም አገር ዜጋ ስቫልባርድ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖር ይችላል፤ ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ ካለው። ራሱን ማስተዳደር ካልቻለ ገዥው ጽ/ቤት ያባርረዋል። «ያለ ቪዛ!» ብላችሁ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ግን አንድ ነገር ስሙ። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት መንገድ በኖርዌይ በኩል ነው፤ ኖርዌይ ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ያውም ደርሰው ሲመለሱ እንደገና የሚገቡበት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ። በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃው ግን የለም እንደማለት ነው። (ከመካከላችን ከአንድ ኤምባሲ «ወደ አገርሽ ለመመለስ ያለሽ ፍላጎት አላሳመነንም» የምትል ደብዳቤ የደረሳት አለች። አገሯን ለቃ ስለመቅረት ገና ያኔ ነው ማሰብ የጀመረችው።)

ስቫልባርድ ውስጥ እውነት የሚያስቀናን ነገር ግን አለ፤ እሱም በረዶው አይደለም፣ ብርሃኑ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሳ አትጠልቅም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ደግሞ ጨርሳ አትወጣም። ይህንን ፈረንጅ ሲያነበው «አስገራሚ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንላለን። የእኛ ሰዓት እኮ ከፀሐይ ጋር የተሠራ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3 እያልን ቆጥረን ስትጠልቅ እንደገና 12። ዓመቱን ሙሉ ቀናችን ከሌሊታችን ብዙም ስለማይበላለጥ ሰዓቱ ሠርቶልናል። ታዲያ በጥር ወር ሎንግየርብየን የተቀመጠች ሀበሻ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ስትል ምን ማለቷ ነው? ጠዋት የታለ? በሰኔ ደግሞ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚፈታ ጾምስ እንዴት ይፈታል? (በሰሜን የሚኖሩ ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ በቅርብ ከተማ ወይም በመካ ሰዓት እየተመሩ ሲፈቱት ኖረዋል።) ከተራሮቹ ጥላ የተነሳ መንደሯ ውስጥ ፀሐይ ዳግም የምትታየው በማርች 8 አካባቢ ነው። ሕዝቡ በአሮጌው ሆስፒታል ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ብርሃኗ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሳምንቱን ሙሉም በዓል ነው። እውነቱን እንናገር፤ ይህን ለማየት ብንሄድ አይቆጨንም ነበር።

ነገር ግን ብሮሹሩ የሚሸጥልን ይህን አይደለም። የሚሸጥልን ሁለት ነገር ነው፤ የሚቀልጥ በረዶና ነጭ ድብ።

በረዶውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዲርክ ኖትስ እና ጁሊየን ስትሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ስሌት አወጡ። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር በተለቀቀ ቁጥር፣ በመስከረም ወር በአርክቲክ ባሕር ላይ ከሚኖረው በረዶ 3 ካሬ ሜትር ያህል ይጠፋል። እንግዲህ የአንድ ሰው የረጅም ርቀት የደርሶ መልስ በረራ ድርሻ 2 ቶን ነው እንበል (እንደ ርቀቱና እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል)። 6 ካሬ መሆኑ ነው። 6 ካሬ ማለት 2 በ3 ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሳይደርሰን የምንከራያት፣ አልጋና አንድ ወንበር ገብቶ በሩ ከአልጋው ጋር የሚላተምባት ክፍል። በረዶ ለማየት የሄደ ሰው አንዲት የኪራይ ክፍል የምታህል በረዶ አቅልጦ ይመለሳል ማለት ነው።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች መሄዳቸውን አላቆሙም። እንዲያውም ስለሚያውቁ ነው የሚቸኩሉት። «ሳይጠፋ ልየው» የሚባል የጉዞ ዓይነት ተፈጥሯል። እኛ አገር አንድ ሰው ታሞ ሲተኛ ይጠየቃል፤ ጠያቂው ብርቱካን ወይም አንድ ሊትር ወተት ይይዛል፣ «ይማርህ» ይላል፣ ካስፈለገም ያድራል። «ሳትሞት ልይህ ብዬ ነው፣ እስቲ አንዴ ፎቶ» የሚል ጠያቂ ቢመጣ ቤተሰቡ ምን ያደርገው ነበር? በዚያ ላይ ጠያቂው በመጣ ቁጥር በሽተኛው የሚብስበት ከሆነ? በሩን ነበር የሚዘጉበት።

ድቡም ቢሆን ጎብኚ እንደማያስፈልገው በሕግ ተነግሮለታል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ስቫልባርድ ውስጥ ከነጭ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ ደግሞ 500 ሜትር። በተጠበቁት አካባቢዎች ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ አይገባም። ሕጉ ትክክል ነው ባዮች ነን። ድቡ የሚያድነው ከሚሳሳው በረዶ ላይ ነው፤ ጀልባ ባሳደደው ቁጥር የሚያጣው ጉልበት የሚተካለት የለም። ሰውም ይሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ነሐሴ ላይ ከሎንግየርብየን አጠገብ በድንኳን ያደረ ሰው በድብ ተገድሏል። ነገር ግን 300 ሜትር ማለት ሦስት የኳስ ሜዳ ርዝመት መሆኑን አስቡት። ያለ ትልቅ ሌንስ የሚታየው ነጭ ነገር ላይ ያለ ሌላ ነጭ ነገር ነው። ዘጋቢ ፊልሙ ቤታችን አለ፤ በነፃ።

አንድ ነገር ጨምረን ስቫልባርድን እንለቃለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ እዚያ ነው። ተራራ ተፈልፍሎ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እየቀዘቀዘ፣ ከመላው ዓለም የተላኩ ከ1 ሚሊዮን በላይ የዘር ናሙናዎችን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ካለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ የተላኩ የመኖ ዘሮችም እዚያ ተቀምጠዋል። ሶሪያ በጦርነት ስትታመስ፣ የሐለብ የዘር ባንክ ባለቤት የሆነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ያስቀመጠውን ዘር መልሶ ወስዷል፤ ለክፉ ቀን የተባለው ክፉ ቀን ደርሶ ማለት ነው። በእኛ ዓይን የስቫልባርድ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለቱሪስት ግን አይከፈትም። በሩን ከውጭ ታይታላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ።

ወደ ደኑ እንሂድ። የምንወስዳችሁ ኢኳዶር ነው፤ ያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ።

አስቀድመን አንዋሽም። ደን ያሰለቻል። በቴሌቪዥን የምናየው ደን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጃጓር፣ በቀቀን፣ ጦጣና እባብ ያሳየናል፤ ያንን ለመቅረጽ ሰዎች ወራት እንደተቀመጡ ግን አይነገረንም። እውነተኛው ደን ውስጥ መጀመሪያ የምታዩት ቅጠል ነው። ከዚያም ቅጠል። ከፀሐይ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ድንግዝግዝ ነው። እንስሳቱ ከራሳችሁ በላይ 30 ሜትር ላይ ናቸው። ላብ አለ። የታጠበ ካልሲ አይደርቅም። ዝናቡ ደግሞ የክረምት ዝናባችን ዘመድ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። በአርክቲክ ሜዳ ላይ ዓይን እስከፈለገው ድረስ ያያል፤ ደን ውስጥ ዓይን ሥራ ይፈታል። ጆሮ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለፎቶ የሚሄድ ሰው ስቫልባርድ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ይህን ያለ ክርክር እናምናለን።

ታዲያ ለምን ደን? ያሱኒ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 655 ዓይነት የዛፍ ዝርያ ቆጥረዋል። አንድ ሄክታር 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው።  አንድ ዛፍ አይታችሁ «ቅድም ያየነው ነው» ብትሉ ምናልባት ተሳስታችኋል። ሰዓቱም ለእኛ የተሰፋ ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ፀሐይ በ12 ሰዓት ትወጣለች፣ በ12 ሰዓት ትጠልቃለች፤ የሀበሻ ሰዓት ከእኛ አገር ይልቅ እዚያ ይበልጥ ልክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህም በላይ ግን ያሱኒ ከሥሩ ነዳጅ ዘይት አለው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከሽርሽርነት የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢኳዶር ፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ለዓለም አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ «ዘይቱን ከመሬት ሳናወጣ እንተወዋለን፤ እናንተ ግን ከምናጣው ገቢ ግማሹን፣ 3.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ስጡን» የሚል። ዓለም አጨበጨበ። በ2013 ሣጥኑ ሲከፈት የገባው ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ኮሬያ ሐሳቡን ሰረዙ፣ በ2016 ዘይቱ መውጣት ጀመረ። የኢኳዶር ወጣቶችና የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ግን ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አሥር ዓመት ቆይተው ጉዳዩን ወደ ሕዝበ ውሳኔ አደረሱት። ኦገስት 20 ቀን 2023 የኢኳዶር ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶ 59 ያህሉ «ዘይቱ መሬት ውስጥ ይቅር» አለ። ብዙዎቹ ድምፅ ሰጪዎች ደኑን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ እንደ እኛ ከተሜ ናቸው። መንግሥት ጉድጓዶቹን እንዲዘጋ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ ዓመቱ ሲሞላ መዝጋት የጀመረው በአንዲት ጉድጓድ ነው፣ የቀረው ዓመታት ይፈጃል እየተባለ።

«ገንዘቡ የት ይገባል?» ያልነው ለዚህ ነው። ዛፉ ቆሞ ገንዘብ ካላመጣ፣ ተቆርጦ ወይም ተቆፍሮ ማምጣቱ አይቀርም። ናፖ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የአንያንጉ ኪችዋዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ያሱኒ ውስጥ ናፖ ዋይልድላይፍ ሴንተር የሚባል ማረፊያ አላቸው፤ ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው። አደን ትተዋል። አስጎብኚዎቹ፣ ቀዛፊዎቹ፣ ምግብ አብሳዮቹ ከራሳቸው ናቸው። ከወንዙ ወደ ማረፊያው በምትወስደው ጠባብ ጅረት ላይ የሞተር ጀልባ ትቀርና በመቅዘፊያ ነው የሚኬደው። እዚያ የሚከፈል ዶላር ሁሉ ወደ ማኅበረሰቡ ኪስ ይገባል አንልም፤ የቲኬቱ ገንዘብ አየር መንገድ ጋ ነው፣ የወኪሉም ድርሻ አለ። ነገር ግን አንድ የኪችዋ ልጅ ለነዳጅ ኩባንያ ከመቀጠር ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ደኑን ማወቅ። በረዶው ግን፣ የፈለገ ጎብኚ ቢመጣለት፣ ቆሞ የሚከፈለው ገንዘብ አያቆመውም። የበረዶው ዕጣ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው፤ በየአገሩ በሚነድ ከሰልና ቤንዚን። ለእኛ የሁለቱ ዋና ልዩነት ይኸው ነው።

ኮስታሪካ ትጠቀስ እንደሁ ብላችሁ ነው? ትጠቀስ። ደኗን ጨርሳ ልትጨርስ የደረሰች አገር ነበረች፤ አሁን ከግማሽ በላይ መሬቷ በደን ተሸፍኗል። ግን ቱሪስት ብቻውን አልመለሰላትም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የደን ሕግ አለ፤ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ግብር ደን ለሚጠብቅ ባለይዞታ ይከፈላል። ሕግና በጀት ባለበት ቦታ ነው የጎብኚ ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው።

አሁን ብልጡ አንባቢ «ቆይ እንጂ!» ይለናል። «ኢኳዶር ከኦስሎ ይርቃል። የኪቶ በረራ ከስቫልባርዱ በላይ በረዶ አያቀልጥም ወይ?» ያቀልጣል። ለዚህ ነው ያሱኒን እናንተን ለማሳመን ብቻ ተጠቅመን፣ ራሳችን ግን ቲኬቱን ወደ ሌላ ቦታ የምንቆርጠው። ወደ ኪጋሊ።

ሩዋንዳ ከቦሌ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ናት። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ወዲህ የአፍሪካ ዜጋ ሁሉ ያለ ቪዛ ይገባል ብላለች፤ የፍላጎት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ «ለምን ትመለሻለሽ» የለም። ከኪጋሊ በመኪና ግማሽ ቀን ብትጓዙ ኒዩንግዌ ትደርሳላችሁ። ያሱኒ አይደለም፤ የተራራ ዝናባማ ደን ነው፣ ከፍታው ከ1,600 ሜትር ጀምሮ ወደ 3,000 ይጠጋል፣ ማታ ሹራብ ያስለብሳል፤ እናቶቻችንም ትንሽ ይረጋጋሉ። 13 ዓይነት የጦጣና የዝንጀሮ ወገን አለበት፤ ቺምፓንዚም። ከዛፎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚኬድበት፣ 160 ሜትር ገደማ የሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ አለው። የጠፋበትም አለ፤ የመጨረሻው ዝሆን የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከደኑ በአንድ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ኮንጎ፣ በሌላ በኩል የሚወርደው ወደ ነጭ አባይ ይሄዳል፤ ኻርቱም ላይ ከእኛው አባይ ጋር ይገናኛል። (ውኃ ላይ ጠብ ለሚወድ ሰው ጥሩ የሽርሽር ርዕስ ነው።) ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ከምታገኘው ገቢ 10 ከመቶውን ለአካባቢው ማኅበረሰብ ትመልሳለች። ፈረንጅ የሚጎርፍበት የጎሪላው ፓርክ ግን ይቅርባችሁ፤ በ2017 ለውጭ ጎብኚ የአንድ ቀን ፈቃድ ወደ 1,500 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ዋጋ ጎሪላው ነው እኛን ሊያይ የሚመጣው።

ኒዩንግዌ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2023 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የሪያድ ስብሰባ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዝግቧል። ይህን ያነሳነው «አገርህን እወቅ» የሚል መፈክር ልናሰማችሁ አይደለም፤ ለፈተና ስለሚጠቅም ነው። «እኔ የብርድ ሰው ነኝ ወይስ የደን?» ብላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት በብር መሞከር ይቻላል። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አድርጎ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ ተመልከቱ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ውርጭ ይጋገራል፤ ጠዋት ጅብራው መካከል ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ትታያለች (በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም)። ሜዳው ክፍት ነው፣ ዓይን የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ የአርክቲክን ነገር የሚያስታውስ ካለ ይህ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና በአንድ ቀን ውስጥ፣ ጃኬቱን ሳታወልቁ በፊት፣ ሐረና ደን ውስጥ ናችሁ። ጭጋግ፣ ሽበት ያወጡ የሚመስሉ ዛፎች፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የንብ ቀፎ፣ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና። ሐረናም የቆላ ዝናባማ ደን አይደለም፤ ግን ደን ውስጥ መቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ይነግራችኋል። አንድ ሌሊት ላይ፣ አንድ ሌሊት ታች። በሁለተኛው ቀን «እዚህ ምንም የሚታይ የለም» ካላችሁ፣ ኒዩንግዌም ያሱኒም አይሆኑላችሁም።

ደኑን ለምትመርጡ ጥቂት ነገር። ጃንጥላ አትያዙ፤ ቅርንጫፍ ይቀዳዋል፣ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ነጭ የስፖርት ጫማችሁን ለቦሌ ተዉትና ቦቲ ያዙ፤ ካልሲ ደግሞ ካሰባችሁት እጥፍ። ሱሪው ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ ያስቃል፣ ጉንዳን ግን አያስገባም። ቢጫ ካርዳችሁን አትርሱ። የምትሄዱት ቆላ ከሆነ የወባ መከላከያውን ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ የደጋ ልጅ ለወባ አዲስ ነው። አስጎብኚ ሲመርጡ ማንነቱን ጠይቁ፤ የዚያ መንደር ልጅ ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም «በረዶ!» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ቢያንስ በጥቅምት ማለቂያና በጥር መካከል አትሂዱ፤ ጨለማ ከፍላችሁ ነው የምትገዙት። በማርች መጀመሪያ ሂዱ። ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቁሙና ፀሐይዋ ስትመጣ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ በሀበሻ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልን።